ሁለተኛ ባትሪና ኢንቨርተር በመኪና ላይ

በዚህ እትም ስለ ባትሪ እንጽፋለን። ትምህርቱን ያገኘነው ከራሳችን ስህተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጻሕፍት የጫነ ተሳቢ እየጎተትን ከናይሮቢ ካኩማ ገባን። ማታ ለፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የሳይንስ ፊልም ልናሳይ ብለን ፕሮጀክተሩን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኘነው። ፊልሙ አለቀ፣ ሁሉም ተደሰተ። ጠዋት ቁልፉን ብናዞር ሞተሪኖው ዝም! ተማሪዎቹ ገፍተው አስነሱልን። ከሎድዋር ወዲህ ሰው በሌለበት በረሃ ቢሆንስ ኖሮ ማን ይገፋልን ነበር?

ለምን እንዲህ ሆነ? የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ቀስ በቀስ እስከ ታች ሲራገፍ ይጎዳል። ዲፕ ሳይክል የሚባለው ባትሪ ግን የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ወፍራም ስለሆኑ ደጋግሞ ቢራገፍና ቢሞላ ይችላል። ስለዚህ ለትምህርቱ የራሱን ባትሪ ሰጠነው። በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ሪሌ ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ሪሌው ይለያያቸዋል። ኢንቨርተሩ ደግሞ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 240 ቮልት ይለውጣል።

ስንት ሰዓት ያሠራል? 100 አምፒር-ሰዓት በ12 ቮልት ሲባዛ 1200 ዋት-ሰዓት ነው። ባትሪው እንዲቆይ ግማሹን ብቻ እንጠቀም፤ 600። ኢንቨርተሩ 15 በመቶ ያህል በሙቀት ያባክናል እንበል፤ 510 ይቀራል። ፕሮጀክተር 100 ዋት፣ ላፕቶፕ 50 ዋት ከሆኑ 510 ለ150 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ከምናምን ይሆናል። ለአንድ ማታ በቂ ነው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል፦

1. ሞተሩን አጥፉ። ከባትሪው መጀመሪያ ኔጌቲቩን (ማሳውን) ፍቱ።
2. አዲሱን ባትሪ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የካኩማ መንገድ ይንጣል። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ አየር የሚያገኝ ቦታ ይሁን፤ ሲጋራና ክብሪት አይጠጋው።
3. ሁለቱን ባትሪዎች በሚያገናኘው ሽቦ ላይ በሁለቱም ጫፍ ከፖዘቲቩ አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ሽቦው ቢላጥና ቆርቆሮ ቢነካ ጅረቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣልና። ሽቦው ቆርቆሮ በሚያልፍበት ቀዳዳ ጎማ አድርጉ።
4. ኢንቨርተሩን ለባትሪው አቅርቡት፣ ሽቦውም ወፍራምና አጭር ይሁን። 300 ዋት በ240 ቮልት 1.25 አምፒር ብቻ ነው፤ በ12 ቮልት ግን 25 አምፒር፣ ከብክነቱ ጋር 30 ገደማ ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ይቃጠላል።
5. ፖዘቲቩን አስቀድማችሁ፣ ኔጌቲቩን መጨረሻ ግጠሙ።
6. ሞተሩን አስነስታችሁ ሁለተኛውን ባትሪ ለኩ። 14 ቮልት ገደማ ካሳየ እየሞላ ነው።

አንዳንድ የናፍጣ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ በአዳዲሶቹም ዲናሞው በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ ተራ ሪሌ ላይበቃ ይችላል። ኤሌክትሪሽያን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ናይሮቢ ላይ ባትሪና ሪሌ ከኪሪንያጋ መንገድ፣ ኢንቨርተር ከሉቱሊ ጎዳና ይገኛል። ስትገዙ በትልቁ የተጻፈው ዋት አያታልላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚሰጠው ነው። ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ጠይቁ።

አደራ፣ አሮጌ ባትሪ ቤት ውስጥ አትፍቱ፣ አታቅልጡ። ሞምባሳ አጠገብ ባለችው በኦዊኖ ኡሁሩ ሠፈር ከባትሪ ማቅለጫ የወጣ እርሳስ ስንት ሕፃናትን መርዟል።

የክፍል ሥራ፦ ባትሪው 70 አምፒር-ሰዓት፣ ላፕቶፑ 60 ዋት ቢሆን ስንት ሰዓት ይሠራል? መልሱን ከነስሌቱ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም አብረን እናርማለን።