«ሽኮኮ» የሚለው ቃል በሁለት እንስሳት መካከል

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ አብነት በተባለው ሰፈር የሚያድግ ልጅ ሽኮኮን በዓይኑ የማየት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ሰፈሩ ከመርካቶ የማይርቅ፣ ቤቶቹ የተጠጋጉ ስለሆነ ገደልም ጫካም የለውም። ልጁ ቃሉን የሚያገኘው ከሁለት ወገን ነው። በአንድ በኩል መዝሙረ ዳዊት ሲነበብ፣ በዓለት ውስጥ የሚሸሸግ እንስሳ ሆኖ ይሰማዋል። በሌላ በኩል ከባሕር ማዶ በተተረጐመ የልጆች ታሪክ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘልና ፍሬ የሚቀብር ባለ ትልቅ ጅራት እንስሳ ሆኖ ያገኘዋል። አብነት ማለት አርአያ፣ ምሳሌ ማለት ነውና ይህ ልጅ ለተነሣንበት ጉዳይ ጥሩ አብነት ይሆነናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱ እንስሳት በምን እንደሚለያዩ አስረድቶ ለተርጓሚው የሚበጀውን ማመልከት ነው።

ቃሉ በአማርኛ የቆየው ለዓለቱ እንስሳ ነው። ይኸው እንስሳ በግዕዝ «ግሔ» ይባላል፤ በመዝሙር 103 ላይ በብዙ ቁጥር «ግሔያት» ተብሎ ይገኛል። ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የእንስሳውን የአማርኛ ስም «አሽኮኮ» ሲል መዝግቧል። እንስሳውን ያየው በጎንደር፣ ከቁስቋም ቤተ መንግሥት በስተጀርባ ባለው ተራራ፣ በዋሻና በትላልቅ ድንጋዮች መካከል ነበር። ያመሰኳ እንደ ሆነም ለማወቅ አንዱን በሕይወት አቆይቶ ተመልክቶታል። ስሙን ከጀርባው ላይ ከሚወጡት ረዣዥም ጠጉሮች ጋር አያይዞ «እሾኽ» ከሚለው ቃል አምጥቶታል። ይህ ሥርወ ቃል ግምት ነው፤ ምዝገባው ግን ቃሉ ያን ጊዜ ለየትኛው እንስሳ ያገለግል እንደ ነበር ያለጥርጥር ያሳያል።

የዓለቱ ሽኮኮ ከውጭ ሲታይ ጅራት የለውም። የፊት እግሩ 4፣ የኋላ እግሩ 3 ጣቶች ሲኖሩት፣ አብዛኞቹ ጥፍሮቹ ጠፍጣፋና ሰኮና መሰል ናቸው። በመንጋ ይኖራል፤ ጧት ጧት ፀሐይ ይሞቃል፤ ከመካከላቸው አንዱ ዘብ ቆሞ አደጋ ሲያይ ይጮኻል፤ ሁሉም ወደ ስንጥቁ ይገባሉ። ጕድጓድ ቆፍሮ ቤት አይሠራም፤ ምግብም አያከማችም። መንጋጋውን የሚያመላልስ ቢሆንም የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ የለውም። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በዝምድና የሚያቀርቡት፣ የሚያስደንቅ ቢመስልም፣ ከዝሆን ጋር ነው።

ሁለተኛው እንስሳ ወገኑ ከአይጥና ከጃርት ነው። የፊት ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድጉ ዘወትር መቈርጠም ግድ ይሆንበታል። በአገራችን ከሚገኙት ዓይነቶች አንደኛው፣ በጎኑ መስመር የሌለው የመሬት ነዋሪ፣ እንደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ባሉ ደረቅ ቆላዎች ይታያል። ጕድጓድ ቆፍሮ ያድራል፤ ቀን ቀን ወጥቶ ዘር፣ ሥርና ቅጠል ይለቅማል፤ በኋላ እግሩ ቆሞም አካባቢውን ይቃኛል። በዛፍ ላይ የሚኖሩ ዓይነቶችም በምዕራብና በደቡብ ደኖች አሉ። በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖረው የመሬት ዓይነት በቀትር ሐሩር ጅራቱን በጀርባው ላይ ዘርግቶ እንደ ጥላ ይጠቀምበታል። በሰሜን አሜሪካ ያሉት የዛፍ ዓይነቶች ደግሞ ለውዝና የመሳሰለውን ፍሬ አንድ በአንድ በየቦታው ይቀብራሉ፤ ከቀበሩት ውስጥ ሳያወጡት የቀረው በቅሎ ዛፍ ይሆናል። ግሪኮች ይህን እንስሳ «ስኪዩሮስ» አሉት፤ «ጥላ» እና «ጅራት» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተጣመረ ስም ነው ይባላል።

እንዲህ ያለው መደበላለቅ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በአገሩ ሽኮኮ ስለሌለ፣ የዕብራይስጡን «ሻፋን» በጥንቸል ስም ተርጕሞታል። እነርሱ ለማያውቁት ሽኮኮ የሚያውቁትን ጥንቸል ሰጡ፤ እኛ ደግሞ እምብዛም ለማናውቀው እንስሳ የምናውቀውን ሽኮኮ ሰጠን።

ጉዳዩ ከተረት መጽሐፍ አልፎ ጤናን ይነካል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በወሎ ኩታበርና በጋሞ ኦቾሎ የተካሄዱ ጥናቶች፣ ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ ተሕዋስ በሽኮኮ እንደሚኖርና በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አመልክተዋል። «ከሽኮኮ መኖሪያ አጠገብ ቤት አትሥሩ» የሚል ምክር የደረሰው ሰው ዛፍ ዛፉን እየተመለከተ ገደሉን ቢዘነጋ፣ ጥፋቱ የቃሉ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዶች «የዛፍ ሽኮኮ» ይላሉ። ነገር ግን በአፍሪካ ደኖች በዛፍ ላይ የሚኖር እውነተኛ ሽኮኮ ስላለ ስሙ ሌላ መደበላለቅ ያመጣል፤ በጕድጓድ ለሚኖረው የአዋሽ ዓይነትም አይስማማም። የባዕዱን ስም እንዳለ መውሰድም ይቻላል፤ ሆኖም ለአንባቢው ምንም አያሳየውም። ስለዚህ «ሽኮኮ» ያለቅጽል ለዓለቱ እንስሳ ብቻ እንዲቀርና ሁለተኛው «ጅራታም ሽኮኮ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። አቀራረቡ «ጅራታም ኮከብ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱ ዘመድ ስላልሆኑ ስሙ ያሳስታል የሚል ቢኖር፣ የሌሊት ወፍም ወፍ አይደለችም፤ ስሙ ግን ማንንም አላወከም። በሳይንስ ጽሑፍ ግን የሳይንስ ስሙ መጀመሪያ በተነሣበት ቦታ አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

ይህም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ጅራታሙ በሚኖርባቸው ቆላዎችና ደኖች ያሉ ሕዝቦች በየቋንቋቸው ይጠሩታል። እነዚህ ስሞች ከእነመግለጫቸው ተሰብስበው ቢመረመሩ፣ ከመካከላቸው ለአማርኛ የሚስማማ አጭር ቃል ሊገኝ ይችላል፤ ከተገኘም የእኛ ጥምር ስም ቦታውን ሊለቅለት ይገባል።