ስምን ማዋስ ዕዳን መቀበል ነው

በዘመናችን ነጋዴ በአገሩ ተቀምጦ በሩቅ አገር ኩባንያ ሊያቋቁም ይችላል። ነገር ግን አንዳንድ መንግሥታት፥ በምድራቸው የሚመዘገብ ኩባንያ በዚያው የሚገኝ ተጠያቂ ሰው እንዲኖረው ያዝዛሉ። የሲንጋፖር ሕግ ከዲሬክተሮቹ ቢያንስ አንዱ የአገሩ ነዋሪ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ በዚያ ዘመድም ወዳጅም የሌለው ነጋዴ፥ ዋጋ ተቀብሎ ስሙን በመዝገብ የሚያሰፍርለት ነዋሪ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰው በስም ብቻ የተሾመ ዲሬክተር ይባላል።

ሥራው በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ይሁን እንጂ «በስም ብቻ» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያታልላል። በሕግ ፊት ግማሽ ዲሬክተር የለምና። ስሙ የተጻፈው ሰው ኩባንያውን በትጋትና በታማኝነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሒሳቡን ሳያይ ቢፈርም፥ የተሰረቀ ገንዘብም በኩባንያው ሲያልፍ ዐይኑን ቢጨፍን፥ «ስሜን አዋስሁ እንጂ በሥራው እጄን አላገባሁም» ማለቱ አያድነውም። ትጋት የጎደለው ዲሬክተር በሲንጋፖር እስከ 12 ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

ልማዱ መረን ሲወጣ ምን እንደሚመስል የሳርክ ደሴት ታሪክ ያስረዳል። ሳርክ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የምትገኝ፥ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ያለች ትንሽ ደሴት ናት። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ያዘዘው ምርመራ እንደ ገለጸው፥ 575 ያህል ነዋሪዎቿ በጠቅላላው 15000 ያህል የዲሬክተርነት ቦታ ይዘው ነበር፤ ሦስቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከ1600 እስከ 3000 የሚደርስ ቦታ ነበራቸው። ለአንዱ ኩባንያ አንድ ቀን ብቻ ቢሰጥ፥ 1600ውን አንድ ጊዜ ለመመርመር ከአራት ዓመት በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያለ ሰው የሚፈርምበትን ነገር እንዴት ያውቃል?

አደጋው ለባለ ገንዘቡም ነው። ባንኩና ሻጩ የሚያምኑት በመዝገብ የተጻፈውን ሰው ነውና፥ ያ ሰው ከዳተኛ ቢሆን በፊርማው ንብረቱን ሊያስወስድ ይችላል። ሲንጋፖርም ከ2025 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ዲሬክተሮች በንግድ መልክ የሚያቀርብ ሁሉ የተመዘገበ ድርጅት እንዲሆን፥ የሚሾመውም ሰው ለቦታው የተገባ መሆኑን እንዲመረምር አዝዛለች።

እንግዲህ ዲሬክተር የሚቀጥር ሰው ሥልጣኑን በጽሑፍ ይወስን፤ ስንት ኩባንያ እንደ ያዘም ይጠይቅ። በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችንና ወንድሞቻችንም «ስምህን ብቻ ስጠኝ» ሲባሉ፥ እውነተኛው ባለቤት ማን እንደ ሆነ፥ ገንዘቡም ከየት እንደ መጣ አስቀድመው ይወቁ። ሒሳቡን እንዳያዩ ከተከለከሉ ሹመቱን ይተዉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው፥ በጥቂት ገንዘብ ለማያውቁት ሰው እንዲሰጡት አይደለም።