ትክክለኛ የይለፍ ቃል ለምን ተቀባይነት ያጣል? የሊኑክስ መቆለፊያ ገጽና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ

መግቢያ

የሊኑክስ ዴስክቶፕ መቆለፊያ ገጽ የይለፍ ቃልን አልቀበል ሲል፣ ተጠቃሚው በቅድሚያ የሚጠረጥረው የራሱን የማስታወስ ችሎታ ነው። አማርኛንና እንግሊዝኛን እያፈራረቀ በሚጽፍ ሰው ኮምፒውተር ላይ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ለአብነት በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖርና የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉን በአማርኛ የሚያዘጋጅ ተማሪ ይወሰድ። ተማሪው የጻፈውን ምዕራፍ ሳያስቀምጥ ለጥቂት ጊዜ ከወንበሩ ይነሣል፤ ሲመለስ ማያ ገጹ ተቆልፏል፤ የሚያውቀው የይለፍ ቃልም ሦስት ጊዜ ተቀባይነት ያጣል። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩን በኃይል ማጥፋት ያልተቀመጠውን ምዕራፍ ያሳጣል። ስለዚህ የችግሩን መንሥኤ ሥራው ሳይጠፋ ደረጃ በደረጃ መለየት ያስፈልጋል።

ማያ ገጹ የማያሳየው ልዩነት

ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃሉን እንዳለ አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ከቃሉ በስሌት የተገኘውን ሃሽ ነው። ተጠቃሚው የጻፈው ቃል በተመሳሳይ ስሌት ያልፍና ሁለቱ ውጤቶች ይነጻጸራሉ። አንዲት ባይት ብትለወጥ ውጤቱ ፈጽሞ ይለያል። የእንግሊዝኛዋ «ኤስ» በዩቲኤፍ-8 1 ባይት ስትይዝ የአማርኛው «ስ» 3 ባይት ይይዛል። የቁልፍ ሰሌዳው በአማርኛ አቀማመጥ ላይ እንዳለ ማያ ገጹ ከተቆለፈ፣ ጣቶች በለመዱት ቦታ ቢያርፉም ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ቃል ሌላ ነው። ገጹ ነጥቦችን ብቻ ስለሚያሳይ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም።

የይለፍ ቃሉን በፊደል የመሠረተ ሰው ተጨማሪ እንቅፋት ይገጥመዋል። «ሰ» እና «ሠ» በንባብ አንድ ቢሆኑም በዩኒኮድ የተለያየ ቁጥር አላቸው። ከዚህም በላይ እንደ ኖም ያለ ዴስክቶፕ በይለፍ ቃል መስክ ላይ በአይባስ የሚሠሩ የግቤት ዘዴዎችን ያግዳል፤ በእነዚህ ዘዴዎች የተመሠረተውን ቃል በመቆለፊያው ገጽ ላይ ደግሞ ለመጻፍ ያዳግታል።

ስሕተት ስሕተትን ሲወልድ

በሊኑክስ ላይ ማንነትን የማረጋገጥ ሥራ የሚመራው ፓም በተባለው ሥርዓት ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ፋይሎክ ይባላል። ይህ ክፍል በሥራ ላይ በዋለበት ኮምፒውተር፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ የተሳሳተ ቃል የገባበት መለያ ለ10 ደቂቃ ይታገዳል። በአማርኛ አቀማመጥ ሦስት ጊዜ የሞከረ ሰው አራተኛውን በእንግሊዝኛ በትክክል ቢጽፍም አይገባም። የመጀመሪያው መንሥኤ ተወግዶ ሳለ ሁለተኛው ስለተተካ፣ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ረስቻለሁ ብሎ ይደመድማል። ኮምፒውተሩን ወደ ማጥፋት የሚያመራውም ይህ የተሳሳተ ድምዳሜ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ በመቆለፊያው ገጽ ላይ የሚታየው የቋንቋ ምልክት ይታያል፤ አማርኛ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጣል። የአቢይ ፊደል መቆለፊያው አለመብራቱም ይረጋገጣል። በ2012 ዓ.ም. ከወጣው የኖም 3.36 እትም ወዲህ በገጹ ላይ ያለውን የዓይን ምልክት በመጫን የተጻፈውን ቃል ማየት ይቻላል፤ ይህን ማድረግ የሚገባው ግን ሌላ ሰው በማያይበት ሁኔታ ነው።

ሁለተኛ፣ ሦስት ሙከራዎች ከከሸፉ ሌላ ሳይሞከር 10 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ3 በአንድነት ተጭነው ወደ ጽሑፍ ተርሚናል ይገባል። የይለፍ ቃሉ በዚያ ከሠራ የተጠቃሚው ማስታወስ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ በመቆለፊያው በኩል ነው ማለት ነው። እንደ አይ3ሎክ ያሉ፣ በተራ ተጠቃሚ ሥልጣን የሚሠሩ መቆለፊያዎች የሃሹን ፋይል ራሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ በአንድ ረዳት ፕሮግራም ይታገዛሉ። የረዳቱ ልዩ ፈቃድ ከተበላሸ፣ ለምሳሌ ፋይሎች ከመጠባበቂያ ቅጂ ሲመለሱ፣ ተርሚናሉ የሚቀበለውን ቃል መቆለፊያው አይቀበልም።

አራተኛ፣ በተርሚናሉ በኩል የገባ ተጠቃሚ በሎግኢንሲቲኤል ትእዛዝ የተቆለፈውን ክፍለ ጊዜ መለያ ቁጥር ፈልጎ እንዲከፈት ማዘዝ ይችላል። እንደ ኖም ያሉ፣ ይህን መልእክት የሚቀበሉ ዴስክቶፖች ይከፈታሉ፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም እንደነበረ ይገኛል። ከዚያ በኋላ በጆርናልሲቲኤል የሚነበበው መዝገብ ቃሉን ያልተቀበለው የትኛው ክፍል እንደሆነ ያመለክታል።

ማጠቃለያ

ቃሉ ተቀባይነት ሲያጣ ቀዳሚው ጥያቄ «ምን አስታውሳለሁ?» ሳይሆን «ኮምፒውተሩ ምን ደረሰው?» የሚለው መሆን አለበት። በሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ተመራማሪ የይለፍ ቃሉን በሁሉም ገጾች ላይ ሊጻፉ በሚችሉ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ቁጥሮች ቢመሠርት፣ የእንግሊዝኛውን አቀማመጥ ከዝርዝሩ ባያጠፋና ጽሑፉ በየጥቂት ደቂቃው በራሱ እንዲቀመጥ ቢያዝ፣ የተቆለፈ ገጽ የ10 ደቂቃ መዘግየት ይሆናል እንጂ የአንድ ምዕራፍ ኪሣራ አይሆንም።