በቢስክሌት የጦር ሜዳ ጉብኝትና የኢፕር ከተማ ንግድ

የዕረፍት ጊዜ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የባሕር ዳርቻን ወይም የታላላቅ ከተሞችን ገበያ ነው። በምዕራብ ቤልጅግ ከፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ኢፕር ከተማ በቡድን የሚመጡ ቢስክሌተኞች ግን የሚፈልጉት ሌላ ነው። እነዚህ እንግዶች ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. የተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተካሄደበትን ሜዳና በዚያ የወደቁትን ወታደሮች መካነ መቃብር ለማየት ይመጣሉ። ጉብኝቱ ለሆቴል ባለቤቱ፣ ለቢስክሌት አከራዩና ለባለሱቁ የታወቀ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ይሁን እንጂ ንግዱ ከሙታን ማረፊያ አጠገብ የሚካሄድ ስለ ሆነ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ኢፕር ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን ከእንግሊዝ አገር የሚመጣው የበግ ጠጕር በሸማኔዎቿ እጅ ጨርቅ ሆኖ ወደ ብዙ አገር ይላክ ነበር። ለዚሁ ንግድ የታነጸው ታላቁ የጨርቅ አዳራሽ የተፈጸመው በ1304 ነው። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ እንግሊዞችና አጋሮቻቸው ከተማዋን ለአራት ዓመት ሲከላከሉ፣ በመድፍ ድብደባ አዳራሹም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የነዋሪው ቤትና ሱቅም ፈረሰ።

በ1919 መጀመሪያ የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ፍርስራሹ እንዳለ ተጠብቆ ለወደቁት መታሰቢያ እንዲሆን አሳብ አቀረቡ። ከስደት የተመለሰው የኢፕር ሰው ግን ቤቱንና ገበያውን ፈለገ፤ በእንጨት ጎጆ እየኖረም ሱቅና ማረፊያ ከፈተ። ለአንዱ ወገን ቅዱስ ምድር የሆነው ስፍራ ለሌላው የአባቶቹ ርስትና የእንጀራው ምንጭ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ድርሻቸውን አገኙ። ከተማዋ በቀድሞ መልኳ ተሠራች፤ እንግሊዞችም በምሥራቅ መውጫዋ ላይ የሜኒን በር የተባለውን መታሰቢያ አቁመው በ1927 መረቁት። የጨርቅ አዳራሹን መልሶ የማነጹ ሥራ ግን እስከ 1967 ድረስ ቆይቷል።

የጦር ሜዳ ጉብኝትና የመንኰራኵር ንግድ ከመጀመሪያውም የተገናኙ ነበሩ። ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ጎማ ፋብሪካ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ በ1917 የጦር ሜዳዎችን የሚያስጐበኙ መጻሕፍት ማሳተም ጀመረ። በ1919 ጸደይም ለ ፔቲ ዡርናል የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ በፈራረሱት አውራጃዎች ውስጥ በሰባት ምዕራፍ የተከፈለ፣ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያለው የቢስክሌት እሽቅድምድም አዘጋጀ። መንገዱ በመድፍ የተቈፋፈረ፣ አየሩም ዝናብና ብርድ ስለ ነበር ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ከመንገድ ቀሩ፤ አሸናፊው ቤልጅጋዊው ቻርል ደሩይተር ሆነ።

የዛሬው ጐብኚ ግን አይሽቀዳደምም። በቀን ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳ፣ በየመካነ መቃብሩ እየወረደ፣ የቡድኑን መሪ ማብራሪያ እየሰማ ይጓዛል። ከባድ ጓዙን ብዙ ጊዜ መኪና ከሆቴል ወደ ሆቴል ያደርስለታል። አገሩ በአብዛኛው ሜዳ ስለ ሆነ በዕድሜ የገፋ ሰውም ይችለዋል። መንገዱን የሚያገኘው በቁጥር ነው፤ መገናኛዎቹ ሁሉ ቁጥር ስላላቸው ጐብኚው ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ ምልክቱን ይከተላል። ይህን ዘዴ ሁጎ ቦለን የተባሉ የቀድሞ የማዕድን መሐንዲስ አስበውት በ1995 በቤልጅግ ሊምበርግ አውራጃ ሥራ ላይ ዋለ፤ ከዚያም በመላው ፍላንደርስ ተስፋፋ።

ከኢፕር ወደ ሰሜን ቦዩን ተከትሎ ጥቂት እንደ ተነዳ ኤሴክስ ፋርም ይገኛል። ካናዳዊው ሐኪም ጆን ማክሬ በግንቦት 1915 በፍላንደርስ ሜዳ ስለሚበቅለው ቀይ አበባ የሚናገረውን ግጥም የጻፈው በዚህ አካባቢ ነው። ቀጥሎ ከ44,000 በላይ ጀርመኖች ያረፉበት የላንገማርክ መካነ መቃብር አለ፤ ከእነርሱም 25,000 ያህሉ በአንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል። በ1917 ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ኅዳር ብዙ ደም በፈሰሰበት በፓሼንዴል አቅራቢያ ታይን ኮት ይገኛል። በዚያ ካሉት ወደ 12,000 ከሚጠጉ መቃብሮች ከ8,300 የሚበልጡት ስም የላቸውም።

እንግሊዞችና አጋሮቻቸው በተቀበሩበት ሁሉ ድንጋዩ በመጠን አንድ ነው። በ1917 የተቋቋመው የጦር መቃብር ኮሚሽን በማዕረግና በሀብት ልዩነት እንዳይደረግ ስለ ደነገገ፣ ባለጸጋው ቤተሰብ ለልጁ የበለጠ ሐውልት ማቆም ወይም አስከሬኑን ወደ አገሩ መውሰድ አልተፈቀደለትም። ገንዘብ የማይሠራበት ስፍራ መኖሩ ለንግድ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

ማታ በ8 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2 ሰዓት፣ የከተማው ፖሊስ በሜኒን በር የሚያልፈውን መኪና ያቆማል። መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 የሚበልጡ ወታደሮች ስም በተቀረጸበት ቅስት ሥር የከተማው እሳት አደጋ መከላከያ አባላት የስንብት መለከት ይነፋሉ። ሥርዓቱ ከሐምሌ 1928 ጀምሮ፣ ከተማዋ በጀርመኖች ከተያዘችበት ከ1940 እስከ 1944 ካለው ጊዜ በቀር፣ በየምሽቱ ሲፈጸም ኖሯል። ለማየት ገንዘብ አይከፈልም።

ነገሩን በሒሳብ ዓይን ለሚመለከት ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። መለከቱም ሆነ መቃብሩ አይሸጥም፤ ሆኖም ሥርዓቱ የሚፈጸመው ማታ ስለ ሆነ ሊያየው የፈለገ ቢስክሌተኛ ራቱን በኢፕር ይበላል፤ አልጋም ይይዛል። ቢስክሌተኛ ብዙ ዕቃ መሸከም ስለማይችል ከሱቅ የሚገዛው ጥቂት ነው። በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ሰው ደኅና አድርጎ ይበላል፣ ይጠጣል፤ በየመንደሩም ስለሚቆም ገንዘቡ ለትንሹ ቡና ቤትና ለጎማ ጠጋኙም ይደርሳል። በአቅራቢያዋ በፖፐሪንገ በታኅሣሥ 1915 ለወታደሮች ዕረፍት የተከፈተው ታልቦት ሃውስ የተባለው ቤት ዛሬም እንግዳ ያሳድራል።

የቡድን መሪዎች በአንድ ነገር አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። ገበሬዎች ሲያርሱ ያልፈነዳ ጥይትና የመርዝ ጋዝ ያለበት የመድፍ አረር እስከ ዛሬ ስለሚያወጡ፣ በማሳ ዳር የተቀመጠ ብረት ለመታሰቢያ ብሎ ማንሣት ለሕይወት ያሰጋል።

በ2023 ዩኔስኮ በቤልጅግና በፈረንሳይ የሚገኙ 139 የዚህ ጦርነት መካነ መቃብሮችንና መታሰቢያዎችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ነገሩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ ያው የጦር መቃብር ኮሚሽን በአዲስ አበባም የሚጠብቀው መካነ መቃብር አለ፤ የዓድዋና የማይጨው ሜዳዎችም በሕዝቡ ልብ ያሉ ናቸው። እንዲህ ባለ ስፍራ አጠገብ ሆቴል ወይም ሱቅ ሊከፍት የሚያስብ ነጋዴ ከኢፕር የሚማረው አጭር ነው። እንግዳው የሚመጣው ክብሩ ስለ ተጠበቀ ነው፤ ክብሩ የተሸጠ ቀን ግን እንግዳውም ገበያውም አብረው ይሄዳሉ።