ከመርጨታችሁ በፊት በሌንስ እዩት

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈካ፣ አበባው ላይ የሚያንዣብበው ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያለው በራሪ ለአብዛኞቻችን ንብ ነው። ልጆች ይሸሹታል፤ አዋቂዎችም በእጃቸው ያባርሩታል። በማክሮ ሌንስ ቀረብ ብሎ ላነሣው ግን ሌላ ፍጡር ሆኖ ይገኛል። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ እሱ ያለው ሁለት ብቻ ነው። የንብ አንቴና ረዘም ብሎ የታጠፈ ነው፤ የእሱ አጭር ነው። ትልልቅ ዓይኖቹ ጭንቅላቱን ከሞላ ጎደል ሸፍነውታል። ዝንብ ነው፤ መናደፊያ የለውም። ንብ መምሰሉ ከወፎችና ከሌሎች አዳኞች ይጠብቀዋል።

ሥራዬ የሠርግ ፎቶ ማንሣት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሙሽሮች ጋር ነኝ፤ በሥራ ቀን ማለዳ ደግሞ ኮተቤ በሚገኘው የእናቴ ግቢ ውስጥ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙና ሎሚው ሥር አልጠፋም። ካሜራው ያው የሠርጉ ካሜራ ነው፤ የምቀይረው ሌንሱን ነው።

ማክሮ የሚባለው፣ የምናነሣው ነገር በካሜራው ሴንሰር ላይ በእውነተኛ መጠኑ ሲያርፍ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ንብ ሴንሰሩም ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። የፉል ፍሬም ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ንቧ ብቻዋን ከምስሉ ርዝመት ከሩብ በላይ ትይዛለች። ምስሉ ኮምፒውተር ላይ ሲሰፋ ዓይኗ ላይ የበቀለው ፀጉር ሳይቀር ይታያል። አዎ፣ የማር ንብ ዓይን ላይ ፀጉር አለ።

ችግሩም ከዚሁ ቅርበት ይመጣል። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ (አፐርቸሩን) አጥብቤ ኤፍ 11 ላይ ባደርገው እንኳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ክፍል ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዓይኑ ሲጠራ ክንፉ ይደበዝዛል። ስለዚህ አውቶ ፎከሱን አጠፋለሁ፤ አበባው ያለበትን ቅርንጫፍ በግራ እጄ ይዤ ሌንሱን እዚያው እጄ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ ከዚያ በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ እያልኩ ዓይኑ ጥርት ባለበት ቅጽበት እጫናለሁ። ብርሃንም ያንሳል፤ በዚህ ቅርበት ሴንሰሩ ላይ የሚደርሰው ሌንሱ ሩቅ ሲያይ ከሚያስገባው ሩብ ያህል ነው። ፍላሽ ግድ ይላል። እርቃኑን የበራ ፍላሽ ግን የጥንዚዛን ጀርባ ያንጸባርቀዋል፤ ቀለሙ ይጠፋል። ፍላሹ ፊት ነጭ ወረቀት መጋረድ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። በአነስተኛ ኃይል የበራ ፍላሽ ብልጭታው ከሺህ የሰከንድ ክፍልፋይ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ የእጅ መንቀጥቀጥም የክንፍ መርገብገብም በዚያ ይያዛል።

ነፍሳትን አቅርቦ ማየት የቆየ ፍላጎት ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ በማይክሮስኮፕ ያየውን የዝንብ ዓይንና ቁንጫ በትልቁ ሥሎ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፎቶ አንሺው ሌቨን ቢስ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን ነፍሳት አንሥቶ እዚያው ሙዚየም ውስጥ ለዕይታ አቅርቧል፤ አንዱን ምስል ለመሥራት በሺዎች ከሚቆጠሩ ፎቶዎች ጥርት ያለ ጥርት ያለውን ክፍል ይገጣጥም ነበር። የእሱ ነፍሳት የሙዚየም ናሙናዎች ነበሩ። እኔ በሕይወት ያለውን፣ በቤቱና በሥራው ላይ እንዳለ ማንሣት እመርጣለሁ። እንዳይንቀሳቀስ ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትን አልቀበልም።

ለመጀመር ውድ ሌንስ አያስፈልግም። ሴንሰሩንና ሌንሱን የሚያራርቅ ባዶ ቀለበት አለ፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቀለበት ሲገባ እውነተኛው መጠን ላይ ይደርሳል። ሌንሱን ገልብጦ የሚያስገጥም ቀለበትም አለ። ካሜራ የሌለው ሰው ስልኩ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ ማክሮ ሌንስ ትበቃዋለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋቱ ይበርዳል። አብዛኞቹ ነፍሳት የሰውነታቸው ሙቀት ከአየሩ ጋር ይወርዳል፤ ፀሐይ እስክታሞቃቸውም መብረር ያቅታቸዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጤዛ ያዘለ ፌንጣ ሌንሱን አፍንጫው ሥር ብታደርሱት አይዘልም። 3 ሰዓት ካለፈ ግን ጥላችሁ ሲያርፍበት ገና ተፈናጥሮ ይሄዳል።

በእንዲህ ያለ አንድ ማለዳ ነው የእናቴን ጎመን ገልብጬ ያነሣሁት። ቅጠሉን ሥሩ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወሮታል። ለዓይን ግራጫ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ምስሉን ሳሰፋው እያንዳንዷ በሰም ብናኝ የተሸፈነች ሆና ወጣች፤ አንዷ ስትወልድ ተይዛለች። የክሽክሽ እናት ያለ ወንድ ሕያው ልጅ ስለምትወልድ ነው ጎመን በአጭር ጊዜ የሚወረረው። ከመሐላቸው ግን ሌሎችም ነበሩ። ያበጡ፣ ቡናማ ሆነው የደረቁ፣ ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ያለባቸው ክሽክሾች፤ ደቃቅ ተርብ እንቁላሏን ውስጣቸው ጥላ፣ ልጇ በልቷቸው ቀዶ የወጣባቸው ናቸው። አጠገባቸው እግርም ዓይንም የሌለው አረንጓዴ ትል አንዷን በአፉ ወደ ላይ አንሥቶ ይመጥጣታል። ይህ ትል አድጎ ያ ንብ መሳዩ ዝንብ ይሆናል።

እናቴ የመርጫውን ጠርሙስ አዘጋጅታ ነበር።

«እማዬ፣ ይኼን እዪው» አልኳት ስክሪኑን እያሳየሁ።

«ይኼ ደግሞ የምን ትል ነው?»

«ክሽክሹን የሚበላልሽ።»

መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ አየችው። «እንግዲያው ይብላ፤ ምን አደረገኝ» ብላ ጠርሙሱን መለሰችው። የባሰባቸውን ቅጠሎች ቀንጥሰን ሌላውን ተውነው።

ማክሮ ፎቶግራፍን የምወደው ለዚህ ነው። በየጓሯችን የምንረጨው ብዙው ፀረ ተባይ ጠላትን ከወዳጅ አይለይም፤ ክሽክሹን፣ ክሽክሹን የሚበላውን ትልና ተርብ፣ አበባ ላይ ያረፈችውን ንብ ጭምር ይገድላል። በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ክሽክሽ ቶሎ ስለሚራባ ከርጭቱ በኋላ ቀድሞ የሚያንሠራራው እሱ ነው፤ የሚበላው ግን አልቋል።

ስለዚህ ጎመናችሁ ሲታመም መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡት፤ በስልካችሁም ቢሆን አንሡት፤ ምስሉን አስፍታችሁ እዩት። ክሽክሹ ብቻውን ከሆነ በውሃ አጥባችሁ አውርዱት። ጠላቶቹ መሐሉ ገብተው ከሆነ ደግሞ ጥቂት ቀን ታገሡና ያንኑ ቅጠል እንደገና አንሥታችሁ ሁለቱን ምስሎች አስተያዩ። መርጨት አለመርጨቱን ከዚያ በኋላ ወስኑ።