ራሱን የሚገጥም ክንድ

በመንገድና በቧንቧ ሥራ ላይ የምናየው ቢጫው ማሽን፣ ፊቱ አፈር የሚዝቅ ሎደር፣ ጀርባው የሚቆፍር ባክሆ የሆነው፣ የመቆፈሪያ ክንዱን ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል፤ ይዞትም ያረጃል። ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ትንንሽ ትራክተሮች ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባክሆው ሥራ ሲኖር ይገጠማል፣ ሥራው ሲያልቅ ይፈታል። ክብደቱ ብዙ መቶ ኪሎ ነው። ቢሆንም ባለቤቱ ብቻውን፣ ያለ ክሬንና ያለ ረዳት፣ በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ቺያቬ እንኳን ሳይነካ ይገጥመዋል። ሸክሙን የሚያነሳው ሰው አይደለማ። ባክሆው የገዛ ክንዱን መሬት ላይ ተደግፎ ራሱን ያነሳል፣ ራሱን ያስጠጋል፣ ቦታው ላይ ራሱን ያስቀምጣል።

ሲጀመርም ባክሆ ለእርሻ ትራክተር የሚገጠም ዕቃ ነበር። ዌይን-ሮይ የተባለው የማሳቹሴትስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሙሉ በሙሉ በሃይድሮሊክ የሚሠራ ባክሆ በፎርድ 8ኤን ትራክተር ላይ ገጥሞ ለኮነቲከት የመብራት ኩባንያ በ705 ዶላር ሸጠ። በ1953 የእንግሊዙ ጄሲቢ፣ በ1957 የአሜሪካው ኬዝ ሎደርና ባክሆን በአንድ ማሽን ላይ አዋሕደው አቀረቡ። ቀኑን ሙሉ ለሚቆፍር ተቋራጭ ይኸው ተስማማው፤ ክንዱን የሚፈታበት ምክንያት የለውም። ሁለት ሦስት ሄክታር ያለው ሰው ግን ዛሬ የውሃ መስመር ይቆፍራል፣ ነገ ሣር ያጭዳል፣ በሳምንቱ ያርሳል። ባክሆው ጀርባ ላይ እስካለ ድረስ ማረሻውም ማጨጃውም የሚያያዝበት ቦታ ተይዟል። ትራክተሩም ረዝሞና ከብዶ ሣሩን ይደፈጥጣል፣ በዛፎች መሀል አልዞር ይላል። እንደ ኩቦታና ጆን ዲር ያሉ አምራቾች የሚፈታውን ባክሆ የሚሠሩት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የሚገጣጠመው ኩቦታ ቢኤክስ23ኤስ፣ ወደ 22 የፈረስ ጉልበት ባለው ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ጥልቀት ይቆፍራል። ለቤት የውሃ ቧንቧ ከበቂ በላይ ነው።

ከመግጠሙ በፊት ምን ላይ እንደሚገጠም ማየት ይገባል። ትራክተር ጀርባ ላይ ያሉት ሦስት የማያያዣ ክንዶች ከሃሪ ፈርጉሰን የመጡ ናቸው፤ አርሲ ላይ ቀይ ማሲ ፈርጉሰን ሲያርስ ያየ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ክንዶቹ ለማረሻ የተሠሩ ናቸው። ይጎትታሉ፣ ያነሳሉ፤ ከታች የሚገፋ ነገር ሲመጣ ግን ወደ ላይ ከመታጠፍ የሚያግዳቸው የለም። ማረሻ ድንጋይ ሲያገኝ ብድግ ቢል ደግ ነው። ባክሆ ግን ባኬቱን ወደ መሬት በተጫነ ቁጥር የራሱ ፍሬም ወደ ላይ መነሳት ይፈልጋል፤ ኦፕሬተሩ ደግሞ በዚያ ብረትና በትራክተሩ መሀል ነው የተቀመጠው። በዚህ ላይ ኃይሉ ትራክተሩ ወገብ ላይ፣ ሞተሩና ካምቢዮው በቡሎን በሚገናኙበት ቦታ ላይ ይከማቻል፤ እዚያ ጋ የተሰነጠቀ ብረት ብዙ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ደህናው ባክሆ የሚቀመጠው ሰብፍሬም በሚሉት፣ በትራክተሩ ሆድ ሥር ከኋላ አክስል እስከ ሎደሩ መያዣ በሚዘረጋ ብረት ላይ ነው። በሦስቱ ክንዶች ላይ የሚንጠለጠለው ይረክሳል፣ ለብዙ ዓይነት ትራክተርም ይሆናል። ብጠየቅ ግን አልመክርም።

አሁን ባክሆው ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ በሁለት እግሮቹና በባኬቱ ቆሟል እንበል። ኦፕሬተሩ በትራክተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ተጣሞ የመጣ ሰው ኋላ ሲታገል ይውላል። የዘይት ሆዞቹ የሚደርሱበት ርቀት ላይ ሲቃረብ ይቆማል፣ የሎደሩን ባኬት መሬት ያስነካል፣ የእጅ ፍሬን ይይዛል፣ ሞተር ያጠፋል። የሆዞቹን ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጋል፤ በኩፕለሩ፣ ማለትም በመጋጠሚያው፣ የገባ አሸዋ ፓምፑ ድረስ ይሄዳልና። ከዚያ ያያይዛቸዋል፦ አንዱ ዘይት ያመጣል፣ አንዱ ይመልሳል። ሞተሩን አስነስቶ በሚኒሞ ይተወዋል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የሌቨር ነው፤ የሚሠራውም ከመቀመጫ ላይ ሆኖ እንጂ በትራክተሩና በባክሆው መሀል ቆሞ አይደለም። እግሮቹ ሲገፉ ፍሬሙ ከፍ ይላል፣ ሲሰበሰቡ ዝቅ ይላል። ባኬቱ መሬት እንደነከሰ ቡሙ፣ ማለትም ከፍሬሙ የሚነሳው የክንዱ ክፍል፣ ሲነካ ፍሬሙ ያጋድላል። ባኬቱን የያዘው ክፍል፣ ስቲኩ፣ ሲዘረጋ ደግሞ ባክሆው ሁለመናው ወደ ትራክተሩ ይጠጋል። የባክሆው መንጠቆዎች ሰብፍሬሙን ይይዛሉ፣ ፍሬሙ አጋድሎ ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ የግራና የቀኝ ቀዳዳዎች ትይዩ ይሆናሉ። ሞተር ጠፍቶ ፒኖቹ ይገባሉ። ቀዳዳው ግማሹ ብቻ ከታየ የቀረው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ያኔ ወደ መቀመጫው ተመልሶ፣ ሞተር አስነስቶ ሌቨሩን ትንሽ መንካት ነው እንጂ ፒኑን በመዶሻ መቀጥቀጥ አያዋጣም። ጣት ከቶ መሞከርማ በጣት መቀለድ ነው፤ ብረቱ ትንሽ ቢንሸራተት ይቆርጠዋል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ግን ብረቱ ላይ ሳይሆን ዘይቱ ላይ ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ፓምፑ ዘይት መግፋቱን አያቆምም። ዘይቱ በሎደሩ ቫልቭ ያልፋል፣ ወደ ባክሆው ይሄዳል፣ ከባክሆው ተመልሶ የኋላ ማንሻውን ያገለግላል፣ ከዚያ ወደ ጋኑ ይገባል። ለባክሆው የሚያደርሰውን መስመር ፓወር ቢዮንድ ይሉታል። መስኖ ያጠጣ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ አንዱን ቦይ ዘግቶ ሌላውን ያልከፈተ እንደሆነ ውሃው ግድቡን ይጥሳል። እንዲህ ባሉት ትራክተሮች ላይ ባክሆው ሲፈታ የቀሩት ሁለት ሆዞች እርስ በርሳቸው መያያዝ አለባቸው። ይህ ተረስቶ ሞተር ከተነሳ ዘይቱ መሄጃ ያጣል። በመስመሩ ላይ ሬሊፍ ቫልቭ ካለ እሱ እየጮኸ ያስተነፍሰዋል፣ ዘይቱም ይግላል፤ ከሌለ ፓምፑ ራሱ ይጎዳል። ባክሆውን ፈትቶ ማረሻው አልነሳ ያለው ሰው መካኒክ ከመጥራቱ በፊት መጀመሪያ እነዚያን ሁለት ሆዞች ይይ።

ፀሐይም የራሷ ጣጣ አላት። ተፈቶ ውጭ በተቀመጠ ባክሆ ሆዞች ውስጥ የቀረው ዘይት በሙቀት ይለጠጣል፤ መውጫ ስለሌለው ግፊት ይፈጥርና ኩፕለሩ አልገባ ይላል። ጠዋት በአንድ እጅ የሚገባው ቀትር ላይ በሁለት እጅም እንቢ ይላል። መላው ቀድሞ ነው፦ በሚፈታበት ጊዜ ሞተር ካጠፉ በኋላ ሌቨሮቹን ሁሉ በሁሉም አቅጣጫ ማንቀሳቀስና ግፊቱን ማስተንፈስ፣ ሆዞቹንም ጥላ ውስጥ መሰብሰብ። መጋጠሚያውን በቺያቬ ላላ አድርገው የሚያስተነፍሱ አሉ፤ ይህ ለዓይንም ለእጅም አደጋ ነው። በሥራ ላይ በእነዚህ መስመሮች ያለው ግፊት ከ120 ባር ይበልጣል፤ የመኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ገደማ ቢይዝ ነው። የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ከላይ ሲታይ ነጥብ ነው፤ ውስጡ ግን ሥጋ ይገድላል፣ ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። የሚያፈስ ሆዝ በካርቶን እንጂ በእጅ አይዳሰስም።

መፍታቱን የመግጠሙ ግልባጭ ነው ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። በእኔ አስተያየት ግን ቀጣዩ መግጠም ቀላል የሚሆነው ወይም የሚከብደው በመፍቻው ቀን ነው። ለስላሳ መሬት ላይ የተተወ ባክሆ ክረምት ሲያልፍ አንድ እግሩ ይሰምጣል፣ ፍሬሙ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ የግራው ፒን ሲገባ የቀኙ አልገባ ይላል። በየእግሩና በባኬቱ ሥር ወፍራም ጣውላ ማስገባት ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል። ክንዱ መሀል ላይ ቀጥ ይበል፤ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ የሚይዘው ፒን ይግባ። እግሮቹና ባኬቱ ክብደቱን ሲረከቡ ዋናዎቹ ፒኖች በእጅ ብቻ ይወጣሉ፤ ካልወጡ ሸክም አለባቸው ማለት ነው፣ ከፍታው ይስተካከል። ከዚያ መንጠቆዎቹ ይላቀቃሉ፣ ሞተር ይጠፋል፣ ግፊቱ ይተነፍሳል፣ ሆዞቹ ይነቀላሉ፣ የትራክተሩ ሁለት ሆዞች ይያያዛሉ። ወደ ፊት መንዳት የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቸኩሎ የነዳ ሰው ሆዙን በጥሶ ዘይቱን መሬት ላይ ያፈሳል።

ባክሆው ከወረደ በኋላ ትራክተሩ ከኋላው ቀልሏል። ሎደሩ ጠጠር ሞልቶ ሲነሳ የኋላ ጎማዎቹ መሬት ሊለቁ ይችላሉ፤ ባክሆው ሳይታወቅ ሚዛን ይጠብቅ ነበርና። ስለዚህ በሎደሩ ከመሠራቱ በፊት በሦስቱ ማያያዣ ክንዶች ላይ ኮንክሪት የተሞላ ሳጥን ወይም ሌላ ከባድ ዕቃ ይንጠለጠላል። ባክሆው ሲገጠም ወልቀው የነበሩት የታችኞቹ ክንዶች የት እንደተቀመጡ ማስታወስ ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው።