አሮጌ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ መኪናዎችን ስለ መሰብሰብና ስለ ማደስ

የጥንት ገንዘብ፥ የፖስታ ቴምብር፥ የብራና መጽሐፍና የጦር መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች በየአገሩ መኖራቸውን ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እነዚህን የሚሰበስበውን ሰው ባለጸጋ ነው ወይም ሊቅ ነው ይሉታል እንጂ ማንም አይሥቅበትም። ነገር ግን ዕድሜው ሰማንያና መቶ ዓመት የሆነውን፥ ጎማው የደረቀውን፥ ብረቱ የዛገውን የልብስ ማጠቢያ መኪና ከየጎተራውና ከየምድር ቤቱ እየፈለገ፥ በገንዘቡ እየገዛና በእጁ እየጠገነ ቤቱን የሚሞላ ሰው አለ ቢባል፥ ሰሚው መጀመሪያ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እንደዚህ ያሉ ሰዎች በአሜሪቃና በኤውሮጳ ይገኛሉ። ሥራቸውን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን፥ ከጦር መሣሪያ ሰብሳቢው ይልቅ እነርሱ የሚጠብቁት ነገር ለቤተ ሰብ ታሪክ የቀረበ መሆኑን ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የመኪናውን ዋጋ ለማወቅ አስቀድሞ ያለ መኪና የነበረውን ድካም ማወቅ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪቃ የምትኖር የቤት እመቤት ልብስ የምታጥብበት ቀን ሰኞ ነበር። ልብሱን አንድ ጊዜ ለማጠብ፥ አንድ ጊዜ ለማፍላትና አንድ ጊዜ ለማለቅለቅ 190 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋት ነበር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፥ 190 ኪሎ ከጉድጓድ ቀድታ፥ ተሸክማ፥ በእሳት አሙቃ፥ ሸንተረር ባለው ሰሌዳ ላይ ልብሱን አሽታ፥ በእጇ ጠምዝዛ ጨምቃ፥ እድፍ የሆነውን ውሃ ደግሞ እንደ ገና ተሸክማ ታፈስስ ነበር ማለት ነው። ማክሰኞ የመተኰሻ ቀን ስለ ነበረ ዕረፍት የለም። በእኛ አገር ውሃው ወደ ልብሱ ሳይሆን ልብሱ ወደ ወንዝ ስለሚወርድ የሸክሙ ዓይነት ይለያል እንጂ የክንዱ ድካም ያው ነው። በወንዝ ዳር ማጠብ ጥበብ የለበትም የሚል ሰው ቢኖር ግን፥ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አይተው፥ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በእንዶዱ አረፋ ሲሞት መመልከታቸውን ያስታውስ።

የልብስ ማጠቢያ መኪናን መጀመሪያ የፈለሰፈው ማን ነው የሚለው ነገር በሰብሳቢዎቹ መካከል ክርክር ያስነሣል፤ እንደ ርስት ክርክርም ሁሉ ምስክሩ ብዙ ነው። በጀርመን አገር በሬገንስቡርግ ከተማ ያዕቆብ ክርስቲያን ሼፈር የሚባሉ ቄስ ነበሩ። እኒህ ሰው እንጉዳይንና አዕዋፍን በመመርመር የታወቁ ሲሆኑ፥ በ1767 ስለ አንድ የልብስ ማጠቢያ መኪና አሠራር ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አሳትመዋል። በአሜሪቃ ደግሞ ናትናኤል ብሪግስ የተባለ ሰው በ1797 ልብስን ስለ ማጠብ የፈጠራ መብት ተቀብሏል፤ ነገር ግን በ1836 የመብቱ መዝገብ ቤት ስለ ተቃጠለ መኪናው ምን እንደሚመስል የሚያስረዳ ሰነድ አልቀረም። በመዝገብ ቤት ሥራ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብብ ማዘኑ አይቀርም፤ ምክንያቱም አንድ ሌሊት የነደደ እሳት ባለመብቱን ከነሥራው ስም ብቻ አድርጎ አስቀርቶታል። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራውን በ1910 መብት የተቀበለው የቺካጎው አልቫ ፊሸር ፈለሰፈው ተብሎ በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ዳሩ ግን ከእርሱ በፊት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች መኖራቸው በሰነድ ስለ ተገኘ፥ ፍርዱ ለእርሱ ሊጸና አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው የጀርመኖቹ የሚለ ኩባንያ አነሣሥ ነው። ካርል ሚለና ራይንሃርት ጺንካን በ1899 ሥራቸውን የጀመሩት ቅባቱን ከወተቱ የሚለይ መኪና በመሥራት ነበር። ቀጥሎም የቅቤ መናጫ ሠሩ፤ ከመናጫውም አሳብ ተነሥተው በእንጨት በርሜል የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ አወጡ። ነገሩ ለእኛ እመቤቶች ሩቅ አይደለም፤ ቅል ሲገፋ ያየ ሰው ፈሳሽ በዕቃ ውስጥ ሲናወጥ ምን ኃይል እንዳለው ያውቃልና። የእነዚህ የእንጨት በርሜሎች ጠባይ ለሚያድሳቸው ሰው ትዕግሥትን ያስተምራል። ለብዙ ዓመት ደርቆ የቈየ እንጨት ይጠባል፤ ውሃ ሲጨመርበት በየስንጥቁ ያፈስሳል። ያልለመደ ሰው ወዲያው ሙጫ ሊለጥፍበት ይነሣል፤ አዋቂው ግን የብረት ቀለበቶቹን አጥብቆ እንጨቱን ጥቂት በጥቂት ውሃ ያጠጣዋል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ራሱ ይገጥማል።

በአሜሪቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የሚወደደው የሜይታግ መኪና ነው። ፍሬድሪክ ሜይታግ በአዮዋ ክፍል በኒውተን ከተማ በ1893 ከባልንጀሮቹ ጋር ያቋቋመው ኩባንያ ለመውቂያ መኪና የሚሆን ዕቃ ይሠራ ነበር። የእርሻ ዕቃ ገበያ በዓመቱ ውስጥ አንድ ወራት ብቻ ስለ ሆነ፥ በቀረው ወራት ሠራተኞቹ ሥራ እንዳይፈቱ በ1907 የልብስ ማጠቢያ ማውጣት ጀመረ። በ1922 ደግሞ በሃዋርድ ስናይደር ብልሃት አዲስ ነገር ተገኘ፤ ይኸውም ልብሱን የሚያገላብጠው ማማሰያ ከላይ ከክዳኑ ተንጠልጥሎ በመጐተት ፈንታ በጋኑ ግርጌ ተተክሎ ውሃውን በልብሱ ውስጥ እንዲያሳልፍ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ልብሱ ብዙ መታሸት ሳያስፈልገው ይጠራ ጀመር።

ይሁን እንጂ በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪቃ ከ10 የገበሬ ቤት ኤሌክትሪክ ያለው አንዱ ብቻ ያህል ነበር። ስለዚህ ሜይታግ በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ሞተር ከማጠቢያው ሥር አገባ። እመቤቲቱ እንደ ሞተር ቢስክሌት በእግሯ ረግጣ ታስነሣዋለች፤ ጢሱንም በሚታጠፍ የብረት ቱቦ በመስኮት ወይም በበር ታወጣዋለች። ቱቦው ቢቀደድ ወይም በሩ ቢዘጋ ጢሱ በቤት ውስጥ ያሉትን ሊገድል ይችል ነበር። አንድ ሲሊንደር ያለው 92 ቍጥርና ሁለት ሲሊንደር ያለው 72 ቍጥር ዛሬም በሰብሳቢዎች ገበያ የሚፈለጉ ናቸው። ከማጠቢያው ተነጥለው ለብቻቸው ሲጮኹ ለማድመጥ የሚገዟቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ሞተርን ከማጠቢያው መለየት ፈረሱን ትቶ ኮርቻውን ማሳደግ ይመስለኛል።

ስለ መጭመቂያው ጥቂት ማለት ይገባናል። በእነዚያ መኪናዎች ራስ ላይ ጎማ የለበሱ ሁለት ዘንጎች ተቃርነው ይሽከረከራሉ፤ እርጥቡ ልብስ በመካከላቸው ሲያልፍ ውሃው ይጨመቃል። ነገር ግን ዘንጎቹ ልብስንና እጅን አይለዩም። ጣት፥ የቀሚስ እጅጌ ወይም የተፈታ ጠጕር ከያዙ እስከ ክንድ ድረስ ይስባሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጐዱት እናታቸውን ለመርዳት የቀረቡ ሕፃናት ነበሩ። በ1938 አንድ የአሜሪቃ ሐኪም 26 እንደዚህ ያሉ የክንድ ጉዳቶችን መርምሮ በሕክምና መጽሔት አሳተመ፤ ጉዳቱም ራሱን የቻለ ስም አግኝቶ ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ በመታ ወይም በሳበ ጊዜ ዘንጎቹን ወዲያው የሚያላቅቅ መክፈቻ ጨመሩበት። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ከቀለሙና ከብርሃኑ በፊት ይህ መክፈቻ መሥራቱን በእንጨት ወይም በጨርቅ ጥቅል ይፈትን፤ የማይሠራ ከሆነ ግን ዘንጎቹን ከሞተሩ ማላቀቅ ይሻላል። በቤቱ ልጆች ያሉ ሰው ይህን ለነገ አይበል።

በ1937 ቤንዲክስ የተባለው ኩባንያ ሰው ሳይነካው ራሱ የሚያጥብ፥ የሚያለቀልቅና በፍጥነት ተሽከርክሮ ውሃውን የሚጥል መኪና ለቤት አገልግሎት አወጣ። በፊቱ ክብ መስኮት ያለው ሲሆን፥ በሚሽከረከርበት ጊዜ እጅግ ስለሚንቀጠቀጥ በብሎን ከወለሉ ጋር መታሰር ነበረበት። በኋላ ጦርነቱ መጥቶ በ1942 በአሜሪቃ የማጠቢያ ሥራ በመንግሥት ትእዛዝ ቆመ፤ በ1947 ጀኔራል ኤሌክትሪክና ሌሎቹም ከላይ የሚከፈተውን ራሱን የሚሠራ መኪና አወጡ።

የማድረቂያው ታሪክ አጠር ያለ ነው። በ1892 ጆርጅ ሳምፕሰን የሚባል ጥቁር አሜሪቃዊ በምድጃ ላይ ልብስ የሚሰጣበት መደርደሪያ ሠርቶ መብት ተቀበለ። ሮስ ሙር ደግሞ በሰሜን ዳኮታ የክረምቱ ብርድ ልብሱን በገመድ ላይ እንደ ሳንቃ ሲያደርቀው እያየ፥ በሚሞቅ በርሜል ውስጥ ልብስን እያዞረ የሚያደርቅ መኪና አሰበ። ከብዙ ዓመት ልፋትና ከብዙ ፋብሪካ እምቢታ በኋላ በዊስኮንሲን የሚገኘው የሐሚልተን ፋብሪካ አሳቡን ተቀብሎ በ1938 ለገበያ አቀረበው። ብሩክስ ስቲቨንስ የተባለው የዕቃ መልክ ነዳፊ ግን ሣጥኑን ባየ ጊዜ፥ ይህን ዝግ ሣጥን ማን ያውቀዋል፤ በሩ ላይ መስታወት አግቡ፤ በውስጡም ቀለሙ የደመቀ ልብስ ሲዞር ገዢው ይይ ብሎ መከረ ይባላል። የዛሬው ማድረቂያ መስኮት የመጣው ከዚህ ነው።

ከሰብሳቢዎቹ ስሙ የታወቀው በኮሎራዶ በኢተን የኖረው ሊ ማክስዌል ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ያስተማረ መምህር ሲሆን፥ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከገበሬዎች የጨረታ ሜዳ ማጠቢያዎችን መግዛት ጀምሮ ቍጥራቸው ከ1,000 በላይ ደረሰ። በራሱ ግቢ ሙዚየም ሠርቶላቸዋል። ብዙዎቹን ፈትቶ አጽድቶ እንደ ገና እንዲሠሩ አድርጓቸዋል።

አንዳንድ አዳሾች መኪናውን እስከ ብረቱ ፍቀው አዲስ ቀለም ይቀቡታል፤ የፋብሪካው ስም የተጻፈበትን ሁሉ ያጠፋሉ። ይህ የቀድሞውን ጽሕፈት ፍቆ በዚያው ብራና ላይ ሌላ እንደ መጻፍ ነው። ዝገቱን ማቆም፥ ቍጥር የተቀረጸበትን ሰሌዳ መጠበቅ፥ የእመቤቶች እጅ ያለሰለሰውንም መያዣ እንዳለ መተው ይሻላል። የጋኑ ዓይነት ሳይታወቅም መድኃኒት አይደረግም። ኮስቲክ ሶዳ የአሉሚኒየምን ጋን ይበላዋል፤ በእሳት የተጋገረ የመስታወት ቅብ ያለውንም በአሸዋ ማሸት ቅቡን ያቈስለዋል። በጥርሶቹ ሣጥን ውስጥ የቀረው ግራሶ በጊዜ ብዛት እንደ ሰም ስለሚጠነክር ተጠርጎ ወጥቶ ይለወጣል፤ ኩሽኔታውና ቺንጋውም ይመረመራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር አሮጌ መኪና እንደ ተገኘ በኤሌክትሪክ አለመሰካት ነው። የጥንቱ ሽቦ ልባስ ጎማና ጥጥ ስለ ሆነ በእጅ ሲነካ ይረግፋል፤ ብዙዎቹም የመሬት ሽቦ የላቸውም። እግሩን በእርጥብ ወለል ላይ አቁሞ እንዲህ ያለ ብረት የሚነካ ሰው ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣል። ስለዚህ ሽቦው ሁሉ በአዋቂ እጅ ይለወጥ፤ የመሬት ሽቦም ይጨመርለት። በማድረቂያዎች ውስጥ ሙቀት እንዳይወጣ የተደረገው ነገር አንዳንድ ጊዜ አዝቤስቶስ ነው፤ ብናኙ ሳንባን ስለሚጐዳ በደረቁ አይጠረግም። የሙቀቱን ልክ የሚጠብቀውንም ማቋረጫ ተበላሸ ብሎ በሽቦ አልፎ ማገናኘት ቤት ያቃጥላል፤ ከልብስ የሚረግፈው ብናኝ እንደ ጥጥ የሚነድ ነውና።

ከአሜሪቃ መኪና አስመጥቶ በአገራችን ለማሠራት የሚያስብ ቢኖር፥ የዚያ አገር መብራት 120 ቮልትና በሴኮንድ 60 ዙር፥ የእኛ ግን 220 ቮልትና 50 ዙር መሆኑን ይወቅ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ዙሩን አይለውጥም። ስለዚህ ሞተሩ ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ብቻ ይሮጣል፤ ከልኩም በላይ ይሞቃል፤ የመኪናው ሰዓትም ለ60 ደቂቃ የተሠራውን ሥራ በ72 ደቂቃ ይፈጽማል።

የኒውተኑ የሜይታግ ፋብሪካ፥ ኩባንያው በ2006 ለዊርልፑል ከተሸጠ በኋላ በ2007 ተዘግቷል። መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ አሮጌ መኪና ተፈትቶ ነው፤ ወይም በልክ ይቀረጻል። እንዲህ ተጠግኖ ያለቀ መኪና መጀመሪያ ያለ ውሃ ጥቂት ይዞራል፤ ቀጥሎ በውሃ ብቻ ይሞከራል፤ በሚዞርበትም ጊዜ የሞተሩ ሙቀት፥ የኩሽኔታው ድምፅና የጋኑ ግርጌ ይጠበቃሉ። ከዚያ በኋላ አሮጌ ጨርቅ ይታጠብበታል፤ ጨርቁ ሳይቀደድና ዘይት ሳይነካው ከወጣ የቤቱ አንሶላ ሊገባበት ይችላል።